በሳምንት ግማሽ ዙር

ጋሼ ማኒካም አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ከሸሚዛቸው ኪስ አወጡና በካቲሬሳን የብረት መስፍ ላይ ዘረጉት። ጉንጫቸው ውስጥ የወተፉትን የቢትል ቅጠል ወደ አንድ ወገን ገፋ አድርገው፣ «ይኸውልህ፣ ይህን ትሠራልኛለህ። ሐኪሟ ራሷ ናት በእጇ የሣለችው» አሉት።

ካቲሬሳን ሥዕሉን አየ። ሁለት ትንንሽ ክብ ሰሌዳዎች፣ ከኋላ የምታያይዛቸው አንዲት ብሎን፣ በመካከላቸው ደግሞ በነጠብጣብ የተሣለ ጆሮ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ለጆሮ ሲሠራ ኖሯል። የዚህ ጆሮ ባለቤት ማን እንደሆነች ሳይነገረው ዐወቀ።

«የፑንጎዲ ነው፣ የእህቴ ልጅ» አሉ ጋሼ ማኒካም። «መቼም አትረሳትም፤ ያቺን ሁለተኛ ቀዳዳ የበሳሃት አንተ አይደለህ? ታንጃቩር ሆስፒታል ወስደናት እብጠቱን ቆርጠው አወጡላት። ኬሎይድ ነው የሚሉት። እዚያው ጠባሳው ላይ መርፌ ወጓት፤ ገና በየወሩ ትወጋለች። ታዲያ ሐኪሟ ምን አለች መሰለህ? ‹መቁረጥ ብቻውን አይበጅም፤ ይህ ሥጋ ቂመኛ ነው፤ ካልተጫኑት ተመልሶ ይመጣል› አለች። ቀን ከሌት ከፊትና ከኋላ የሚጫነው ነገር ያስፈልጋል። ‹ጎበዝ ወርቅ ሠሪ ታውቃላችሁ?› ስትለኝ ‹አንድ ዐውቃለሁ፤ የበሳትም እሱ ነው› አልኳት። ሣቀች።»

ካቲሬሳን አልሣቀም።

«ምን ዓይነት ፊት ነው ደግሞ? ሕፃን ሆና አባትህ የበሷት ለት እኮ ጭኔ ላይ ነበረች፤ አጎት አይደለሁ! በዘመድ አዝማድ ፊት፣ በነጭ ልብሴ ላይ ሸናችብኝ። አባትህ ሣቅ ገድሏቸው መርፌው ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። እነዚያ ቀዳዳዎች እስከ ዛሬ ንጹሕ ናቸው። ያንተ ነው እንዲህ ጉድ ያፈላው። ሦስት ዓመት ሙሉ ስምህን ስረግም ነው የኖርኩት።»

ወናፉ አጠገብ የተቀመጡት የካቲሬሳን አባት ጆሯቸው ደክሟል። የተወሩት እሳቸው መሆናቸው ብቻ ስለገባቸው ፈገግ አሉ።

«መቼ ነው የሚፈለገው?» አለ ካቲሬሳን።

«ስፌቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይወጣል፤ ረቡዕ ይዣት እመጣለሁ፣ ጆሮዋ ላይ ለክተህ ታስተካክላለህ። ታዲያ እንዳትለግም፤ ሠርግ አለብን። የልጁ ቤተሰብ የማዱራይ ጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። ልጁ ደህና ልጅ ነው፤ ጠጉሩ ትንሽ ሸሽቷል እንጂ። ሊያዩዋት የመጡ ለት እናትየው የልጅቷን ጠጉር ገፋ አድርጋ ያንን ነገር አየችና፣ ‹ይህ ይነሣና እንነጋገራለን› አለች። እንደ ገበያ በግ!»

ካቲሬሳን ወረቀቱን መልሶ አጠፈው። በድሮው መስመር ላይ ስላላጠፈው በነጠብጣብ የተሣለው ጆሮ ከመካከሉ ተሰበረ። 

* * *

ነገሩ የተጀመረው በዚሁ ሱቅ፣ በዚሁ በርጩማ ላይ ነበር።

ፑንጎዲ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የኩምባኮናም ሰው ሁሉ ሩዙን የሚያስፈትግበት ወፍጮ የአባቷ ነው፤ የወርቅ ሠሪዎችን መንገድ ሲያልፉ እነሱ ዣንጥላቸውን አያወርዱም፤ አንገቱን የሚደፋው ሌላው ነው። ከአክስቷ ጋር መጥታ ከድሮው ቀዳዳ በላይ ሌላ ቀዳዳ ፈለገች። ጓደኞቿ ሁሉ አስበስተዋል። የአባቱ እጅ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ በዚያ ዓመት ካቲሬሳን ነበር የሚበሳው። የጆሮዋ ሥጋ ላይ በሰንደል ቅባት አንዲት ነጥብ አስቀመጠና መስታወት ሰጣት።

«ነጥቧ ቦታዋ ላይ ናት?»

ፑንጎዲ በመስታወቱ ውስጥ ነጥቧን ሳይሆን እሱን አየች። «አንተ ካልክ ናት» አለች።

ሲበሳት አልጮኸችም። የመስፉን ጠርዝ ብቻ ጨበጠች። ከሄደች በኋላ ካቲሬሳን እጁን እዚያው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ፤ ብረቱ እንደሞቀ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የፑንጎዲ ጌጥ መሰበር አበዛ። አንድ ሳምንት የእግር አልቦዋ ማያያዣ ይወልቃል፤ በሌላው የአፍንጫዋ ፈርጥ ይላላል። ጌጡን በየሳምንቱ በትንሽ ሣጥን የሚያመላልሱት ጋሼ ማኒካም ነበሩ። ወርቅ በሚጠቀለልበት ሮዝ ስስ ወረቀት ሥር ግን ደብዳቤ ይኖራል። ካቲሬሳን መልሱን በዚያው በሮዙ ወረቀት ላይ ይጽፍና የታደሰውን ጌጥ ይጠቀልልበታል። አጎትየው ሁለት ልብ በኪሳቸው ይዘው፣ ሶዳ እየጠጡ፣ እያፏጩ ይመለሳሉ።

በሦስተኛው ወር ቀዳዳው ዙሪያ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል እብጠት ወጣች። ብዙ አታምም፤ ታሳክካለች። ቆይታ ሽምብራ አከለች።

ለአንጥረኛ በዚህ ዓለም ያለ ክፋት ሁሉ ከቅይጥ ይመጣል። ካቲሬሳን ያስገባላትን ሽቦ በመፈተኛው ድንጋይ ላይ ፈተገውና መዳብ ያለበት መሆኑን አየ። አፈረ። ለወደዳት ልጅ ቅይጥ ማስገባቱ አንገበገበው። ሦስት ቀን ለፍቶ አንዳች ባዕድ ነገር የሌለው የወርቅ ሽቦ ጎተተ፤ በርጩማው ላይ አስቀመጣትና በእብጠቱ መካከል እንደ ገና በሳው። «ንጹሕ ወርቅ አይቆጣም» አላት። ፑንጎዲ አመነችው።

ዝናቡ ሳይወጣ እብጠቱ የተምር ፍሬ አከለ፤ ያብለጨልጫል፤ የአባቱን ንጹሕ ቀዳዳ ሸፍኖ ተንጠለጠለ። ከተማው ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ ቆርጦ ሰፋው። በአራት ወር ውስጥ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቲሬሳን ዐይኑን ማንሣት አቃተው። ፑንጎዲ ፊቱ ስትቀመጥ መስፉን ያያል፣ ሞረዱን ያያል፣ ጣቶቹን ያያል። እሷም በመጀመሪያ ጃስሚኗን ወደ ጆሮዋ አወረደች፤ ቆይታ የሳሪዋን ጫፍ ደረበችበት፤ በመጨረሻ መምጣቷን ተወችና ሣጥኑ ብቻ መጣ። እሱም የታደሰውን ጌጥ ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት ጠቅልሎ ይመልስ ጀመር።

የመጨረሻው ደብዳቤዋ እንዲህ ይላል፦

«አንተ ሰው፣ ድሮ የምታየው ፊቴን ነበር፤ አሁን መስፍህን ሆነ። ጆሮዬ ማስጠላቱን መስታወት ነግሮኛል፤ ካንተም መስማት አያስፈልገኝም። ግን አንድ ነገር ጻፍልኝ። ‹አትምጪ› ብለህም ቢሆን። የላክኸውን ባዶ ወረቀት ፀሐይ ላይ አድርጌ አገላብጬ አየሁት፤ ምናልባት ቀለሙ ደብዝዞ ይሆናል ብዬ።»

ካቲሬሳን አሥራ አንድ ጊዜ መልስ ጻፈ። አሥራ አንዱም «ጆሮሽን ያበላሸው እጄ ነው» ብለው ይጀምራሉ። አንዱንም አልላከም። በክር አሰራቸውና መስፉ ከተተከለበት ግንድ ሥር ወሸቃቸው። ከዚያ ወዲያ የሰው ወርቅ በቀጠቀጠ ቁጥር የገዛ ቃሉን ሲቀጠቅጥ ኖረ።

* * *

መጫኛውን ከብር ሠራው። ሰሌዳዎቹን ወደ ውስጥ በጥቂቱ አጎበጣቸው፤ አየር እንዲገባ ሐኪሟ እንደሣለችው ትንንሽ ቀዳዳ አወጣላቸው። ጠርዛቸውን በሞረድ ሲፍቅ ዋለ፤ ልስላሴውን በጣቱ ማመን ስላቃተው በከንፈሩ እያስነካ ፈተነው። ሦስት ቀን የገዛ ጆሮው ላይ አድርጎት ዋለ፣ አደረም። በመጀመሪያው ጠዋት ጆሮው ጠቁሮ አገኘው። ብሎኗ እንዴት ያለ ጉልበት እንዳላት ያኔ ገባው።

አባቱ አዩትና፣ «ምን ሆነሃል አንተ? ሴት ልትሆን ነው?» አሉት ጮክ ብለው።

«ልክ እያየሁ ነው አባባ!»

«ምን?»

«ልክ! ልክ እያየሁ ነው!»

«እኔ መች ልክ አይደለህም አልኩ» አሉና ወደ ወናፋቸው ዞሩ።

በፊተኛው ሰሌዳ ላይ አንዲት የጃስሚን አበባ ሊቀርጽበት አስቦ መርፌውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። በሌላ ሰው ቤት ለሚኖር ነገር አበባ መቅረጽ ከየት ያመጣው ድፍረት ነው?

* * *

ረቡዕ ከቀትር በፊት ባጃጁ በሩ ላይ ቆመ። ጋሼ ማኒካም ፑንጎዲን በርጩማው ላይ አስቀምጠው ሙቀቱን ረገሙና፣ «ሶዳ ጠጥቼ መጣሁ፤ አደራ፣ አሁንም እንዳትበሳት» ብለው ወጡ።

አባትየው በወናፋቸው ተጠምደዋል። ሱቁ ውስጥ የሚሰማው የፍሙ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ፑንጎዲ የሳሪዋን ጫፍ ከጆሮዋ ላይ አነሣች። ካቲሬሳን ከሁለት ዓመት በላይ ያላየውን አየ። እብጠቱ የለም። በቦታው አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር አለች፤ በዝናብ ቀን ሸክላ ላይ በጥፍር እንደተሠመረች። ጆሮዋ ከድሮው አንሷል። 

«ሲያምምዎት ይንገሩኝ» አላት።

«‹ሲያምምዎት›?» አለች። «አጎቴ እኮ ወጥቷል።»

ካቲሬሳን ሰሌዳዎቹን ከፊትና ከኋላ አስተካክሎ ብሎኗን ማጥበቅ ጀመረ። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ጣቶቹ አንገቷን እንዳይነኩ እየተጠነቀቀ ስለነበር ፊቷን አላየም። ሲያየው ዕንባዋ ጉንጯ ላይ ነበር፤ የጆሮዋ ጠርዝ ደግሞ ነጭ ሆኗል። ደንግጦ አላላው።

«ለምን አልተናገርሽም? ነጣ እኮ! ደም ካልዞረበት ሥጋው ይሞታል!»

«‹ይንገሩኝ› አልክ» አለች ፑንጎዲ ቀስ ብላ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመኝ ነው የኖርኩት። የትኛውን ልንገርህ?»

የካቲሬሳን እጅ ጆሮዋ ላይ እንዳለ ቀረ። ደሙ ተመልሶ ሥጋው ሲሞቅ በጣቱ ተሰማው።

«እንዲህ ነው የምታደርጊው» አለ በመጨረሻ፣ ለተለማማጅ ልጅ እንደሚያስተምር ሰው። «ጠርዙን ታያለሽ። ከነጣ ወይ ከጠቆረ አላሊው። እንደቀላ ከሆነ ተይው። ሥጋው በቀጠነ ቁጥር ይላላል፤ ያኔ ታጠብቂዋለሽ፤ በሳምንት ግማሽ ዙር ብቻ። ስትታጠቢ ካልሆነ አይወልቅም።»

«እስከ መቼ?»

«ሐኪሟ ዓመት ብላለች፤ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። ከተውሽው ይመለሳል።»

«በሠርጌም ቀን?»

«በሠርግሽም ቀን።»

«ሰው ያየዋል።»

«ይየው።»

ፑንጎዲ መጫኛውን በጣቷ ዳበሰችው። ለስላሳ ነበር። ልስላሴው ምን እንደፈጀ የገባት ይመስል ጣቷን እዚያው አቆየችው።

«ካቲሬሳን፣ የሠርጉ ጥሪ ወረቀት አርብ ማተሚያ ቤት ይገባል» አለች። «ሁለቱ ቤተሰብ ለቃል ኪዳን ቅጠል ተቀባብለዋል። ግን አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰምቼዋለሁ፤ ‹ስሟ ወረቀት ላይ እስካልወጣ ድረስ ቅጠል ይመለሳል› አላት። እንደ ገበያ በግ ያገላበጡኝ ነገር ከሆዱ አልወጣም። እኔ አንዲት ቃል ብናገር ይመልሰዋል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እውነቱን ንገረኝ። ለዚያ ደብዳቤ መልስ ጽፈህ ነበር? አልላክኸውም። ግን ጽፈህ ነበር?»

አሥራ አንዱ ወረቀት ከእግሯ ጣቶች አንድ ክንድ አይርቅም። ካቲሬሳን ወደ ግንዱ አላየም። ያየው ያቺን ቀይ መስመር ነው። ይህን ያደረገ እጅ፣ አለ በልቡ፣ ይህን ያደረገ እጅ ደግሞ ሠርጉን አስቀሪልኝ ብሎ ይለምናል? ጠልታኝ ትሂድ፤ የጠላ ሰው ወደ ኋላ አያይም።

«አልጻፍኩም» አለ።

«አንድም?»

«አንድም።»

ፑንጎዲ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው ምክንያቱ ጆሮዬ ነበር» አለች። ቁጣ የለበትም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለው ነበር።

* * *

ጋሼ ማኒካም የሶዳ ጠርሙስ በእጃቸው ይዘው ገቡና መጫኛውን ከግራ ከቀኝ ዞረው አዩት።

«እሰይ! የምን መጫኛ፣ ጌጥ እኮ ነው! ስማኝ አንተ ልጅ፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ይገባል። ያን ሁሉ ዓመት በከንቱ ነው ስረግምህ የኖርኩት። ሐኪሟ ‹የማንም ጥፋት አይደለም፣ ከቤተሰብ ነው› አለች። ሕፃን ሳሉ ሲበሱት ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፤ ከአሥር ከአሥራ አንድ ዓመት ወዲያ ሲነኩት ነው የሚነሣው። ‹ከቤታችሁ እንዲህ ያለበት ሰው አለ?› ስትል፣ እህቴ ምን አደረገች መሰለህ? እጅጌዋን ሰበሰበችና የክትባት ጠባሳዋን አሳየች! ትከሻዋ ላይ እንደ ሸርጣን ተዘርግቷል። ሃያ ሰባት ዓመት ከወንድሟ፣ ከእኔ ደብቃ! ‹ምነው ለልጅሽ እንኳ ብትነግሪያት› ብላት፣ ‹ማን ያገባታል ብዬ› አትለኝም?»

ካቲሬሳን የያዘው ሞረድ ከእጁ ተንሸራተተ።

«ወርቁ… ንጹሕ ወርቅም ቢሆን?» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ወርቅ ምን አገባው! የቤተ መንግሥት አንጥረኛም ቢበሳት ያው ነው። እርግጥ ያበጠውን ደግሞ መብሳት አባብሶታል ብላለች፤ ግን ማን ያውቃል? አንተ ሐኪም ነህ?»

ፑንጎዲ ከበርጩማው ልትነሣ ጀምራ ነበር። ቆመች። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኖቹን ፈልጋ አገኘቻቸው።

«አንተ…» አለች፣ «ወርቁ ነው ብለህ ነበር?»

«እጄ ነው ብዬ ነበር።»

«ስለዚህ ነው መስፍህን ስታይ የነበረው?»

አዎን ሲል አንገቱን ነቀነቀ።

  «ታዲያ ይህቺን ታህል መጻፍ ያቅት ነበር?» አለች ፑንጎዲ።

«ምኑን?» አሉ ጋሼ ማኒካም።

«ምንም አይደል አጎቴ። እንሂድ።»

ወጡ።

ካቲሬሳን ወደ ግንዱ ዞረ። ይህቺን ታህል ጽፏል እኮ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ጽፏታል! ግንዱን በትከሻው ገፋው፤ መስፉ ወለሉ ላይ ተገለበጠ፤ አባቱ እንኳ ሰምተው ዘለሉ። የወረቀቱን ጥቅል መዥርጦ ሸሚዙ ሥር ከተተና በባዶ እግሩ ወደ መንገዱ ሮጠ።

የባጃጁ ሞተር ተነሥቷል። ፑንጎዲ ጠጉሯን ሰብስባ ወደ ላይ ጠቅልላዋለች። ጃስሚን የለም፤ የሳሪ ጫፍ የለም። ጆሮዋ በዚያ ሁሉ ፀሐይ መካከል ራቁቱን ነበር፤ ብሩ ያበራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሊያየው የተመኘው ይህን ነበር።

«ምነው?» አሉ ጋሼ ማኒካም አንገታቸውን ብቅ አድርገው። «የረሳነው ነገር አለ?»

ማዶ ያለው ወርቅ ሠሪ ሥራውን አቁሞ ያያል። አበባ ሻጯ ታያለች። ሹፌሩ በመስታወቱ ያያል። እጁን ሸሚዙ ውስጥ መስደድ ብቻ ነበር የቀረው። ፑንጎዲ እጁን አየች፤ ሸሚዙን አየች፤ ትንፋሿን ያዘች።

«በሳምንት…» አለ ካቲሬሳን።

«አቤት?»

«በሳምንት ግማሽ ዙር ብቻ ያጥብቁት። ከዚያ እንዳያልፉ።»

የያዘችው ትንፋሽ ቀስ ብሎ ወጣ። «እሺ» አለች። «ግማሽ ዙር።»

ባጃጁ ሄደ። ካቲሬሳን አቧራው እስኪበርድ ቆመ። በተነፈሰ ቁጥር ወረቀቶቹ ደረቱ ላይ ይንኮሻኮሻሉ። በየሳምንቱ፣ በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ ያቺን ብሎን ስታዞር ታየችው፤ ባትድን ብሎ ተመኘ፤ ጆሮዋ መቼም ባይድን፣ ያ ብር ዘላለም ባይወልቅ። ምኞቱን ሲሰማው ከራሱ ሸሸ። «ይዳንላት» አለ ጮክ ብሎ። «ይዳንላት!»

አባቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። «ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም አባባ» አለ።

አርብ የጥሪው ወረቀት ማተሚያ ቤት እስኪገባ ገና ሁለት ቀን ነበረው። ካቲሬሳን ግን ራሱን ያውቀዋል፤ ወረቀቶቹ ተመልሰው ግንዱ ሥር ይገባሉ።